በጨለማ የፈካው ዓምድ

እኛ አገር የአምላክ ቤት ሲሠራ ዓምድ የሚቀረጸው ከላይ ወደ ታች ነው። ይሄን ያላወቀ ሰው የኔ ጉድ አይገባውም፤ ስለዚህ አንዴ ልናገርና ልለፍ። ድንጋዩን አንድ ዙር በደረደሩ ቁጥር አዳራሹን በአፈር ይሞሉታል። ደግሞ ይደረድራሉ፣ ደግሞ ይሞላሉ። መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ የአምላክ ቤት አፈር በአፈር ይሆንና የዓምዶቹ አናት ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ ይቀራል። ቀራጮቹ አፈሩ ላይ ቁጢጥ ብለው አናቱን ይቀርጻሉ፤ ሲጨርሱ በሰሌን ጠቅልለው ያስሩታል። ከዚያ አፈሩ ትንሽ ይነሳና ወገቡን ይቀርጻሉ፤ ደግሞ ይነሳል፤ እግሩ ጋ ሲደርሱ ቤቱ ባዶ ሆኗል። ሰሌኑ የሚፈታው ያን ቀን ነው፣ የሁሉም ባንድ ጊዜ። እንግዲህ አናቱ ላይ የተሳሳተ ሰው፣ አገር ምድሩ አንጋጦ ስህተቱን ሲያይበት እሱ እጁ አይደርስበትም።

እኔ ሁኔሮ እባላለሁ። ሠራተኛው ቀኝና ግራ ተብሎ በሁለት ጓድ የተከፈለ ነው፤ ባሌ ነብሬ የቀኙ ጓድ አለቃ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኬና እሱ ስር የሚሠራ ቀራጭ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ኬናን ያሳደግነው እኔና ነብሬ ነን፤ መሮ አያያዝ ያስተማረውም ነብሬ ነው። እሱን "ጋሼ"፣ እኔን "እትዬ" ብሎ ነው የሚጠራን። ስለ ኬና ከጥሩነቱ በቀር የሚወራ ነገር አልነበረም፤ አዎ፣ ጠላ ይወዳል፣ ግን ማን የማይወድ አለ?

ሰሌኑ በሚፈታበት ቀን ሴቶቹም እንገባለን። የአምላኩ ምስል ቤቱ ከገባ በኋላ እንኳን እኛ የሥራው ሁሉ ኃላፊ የሆነው የሹሙ እናትም ደጁን አታልፍም፤ በዕድሜ አንዴ የሚገኝ ነገር ነው። ጠላ በእንስራ ይዤ፣ አዲሱን ነጭ ልብሴን ለብሼ፣ ዓይኔን ተኩዬ ገባሁ። ለምን እንደዚያ እንደተኳኳልኩ ልንገራችሁ? ነብሬ የሁለቱም ጓዶች የበላይ አለቃ ሊሆን ነው፣ የሹመቱን በትር ሊቀበል ነው እየተባለ ሰፈሩ ሁሉ ያወራ ነበር። እኔ ደግሞ የበላይ አለቃ ሚስት እንዴት እንደምትራመድ እየተለማመድኩ ነበር። እንዲያ ቀበጥ እያልኩ ስራመድ ነው ጉዴ የፈላው።

ወንዶቹ በረጃጅም እንጨት ገመዱን እየሳቡ ሰሌኑን አወረዱት። መጀመሪያ መሀል ለመሀል ያሉት ሁለቱ ረድፎች ተገለጡ፤ የፈኩ ደንገሎች ናቸው፣ አፋቸውን ወደ ሰማይ የከፈቱ። ፀሐይ የምትገባው በዚያ መንገድ ስለሆነ ነቅተው ይጠብቋታል። ከዚያ በግራና በቀኝ ጥላ ውስጥ የቆሙት ተገለጡ። እነሱ እንቡጥ ናቸው፣ ጥፍንግ ብለው የተዘጉ፤ ብርሃን ገና አልነካቸውም። ያ ቤት እኮ ዓለም ከውኃ የወጣችበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ወለሉ ውኃው፣ ጣራው ከዋክብቱ፣ ዓምዶቹ ረግረጉ ላይ የበቀለው ደንገል። መሀሉ ነግቶለታል፣ ዳሩ ገና ተኝቷል። አባታችን ልጆች ሳለን "የዳሩን የከፈተ ሰው ማለት፣ ፀሐይን ቀኗ ሳይደርስ ከእናቷ ሆድ ጎትቶ አወጣት ማለት ነው" እያለ ያስፈራራን ነበር።

እንቡጥ፣ እንቡጥ፣ ደግሞ እንቡጥ። ከዚያ በቀኙ ጓድ በኩል፣ ጥጉ ጋ፣ ድቅድቅ ካለው ጥላ ውስጥ፣ አንዱ ቦግ ብሎ ፈክቷል።

ከዚያ ከግራው ጓድ አንዱ "ኧረ ይሄኛውን እንቅልፍ እምቢ ብሎታል!" አለና ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

ሹሙ አልሳቀም። "የማን ነው?" አለ።

እያንዳንዱ ዓምድ ባለቤት አለው፤ ያ የኬና እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ዞሮ ወንድሜን አየው። ነብሬ ብቻ ነው ያላየው፤ እሱ የገዛ እግሩን ጣቶች ያያል። እኔ እንኳን ያኔ፣ በእኔ ወንድም አፍሮ ነው ብዬ ነበር።

"የኔ ነው፣ ጌታዬ" አለ ኬና።

"አናቱን የቀረጽከው መቼ ነው?"

"የሐቶር በዓል ማግስት።"

"ጠጥተህ ነበር?"

ሐቶር የስካርና የደስታ አምላክ ናት፣ በበዓሏ ያልጠጣ ሰው እሷን የሰደበ ነው፤ ሹሙ ራሱ በሰው ተደግፎ ነው ቤቱ የገባው። ኬና ግን ይሄን አላለም። "ጠጥቼ ነበር፣ ጌታዬ" ብቻ ነው ያለው።

"መሮውን አምጣ።"

መሮው የፈርዖን መዳብ ነው፤ የሚሰጥህም የሚነጥቅህም ሹሙ ነው። ኬና ከወገቡ ፈቶ በሁለት እጁ ሰጠው። ሹሙ ተቀበለና "ለነብሬ በትሩን በምንሰጥበት ጠዋት ድንጋይ አመላላሹ ጀልባ ወደ ደቡብ ይሄዳል። አንተም አብረህ ትሄዳለህ" አለው። ደቡብ ማለት ቀዩ ድንጋይ የሚፈለፈልበት ነው። ከዚያ የተመለሰ ጎረቤት ነበረን፤ ደረቱ አቧራ ሞልቶት፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሲስል ሲስል ነው የሞተው። የኬና ሚስት መሪት ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ከሴቶቹ መሀል ሆዷን ይዛ ቆማለች።

መጀመሪያ አዘንኩለት ብል ዋሸሁ። ማዘኑ በኋላ መጣ፣ መጀመሪያ የመጣው እፍረት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! በተኳልኩት ዓይኔ አፈርኩ፣ በነጩ ልብሴ አፈርኩ። እንስራዬን ታቅፌ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ጠላዬን አንድ ሰው እንኳን ቅጂልኝ አላለኝም።

በማግስቱ ወንዝ ስወርድ የግራው ጓድ አለቃ ሚስት ዋብት ልብስ ታጥባለች። ያቺ ሴት ምላሷን ከልብሱ ጋር አንዴ ብታጥበው ምን ነበረበት እላለሁ ሁልጊዜ።

"እንዴት አደርሽ፣ ሁኔሮ እህቴ?" አለችኝ፣ ድምጿ ማር። "እኔ ምልሽ፣ የኛ ጓዳ እኮ ጨለማ ነው። ወንድምሽ ጀልባው ሳይሄድበት መጥቶ አንድ ሁለት አበባ ቢያፈካልን ምናለበት?"

ሴቶቹ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

"ያንቺ ባል ምን ቀረጸ ዘንድሮ? ሆዱን?" አልኳት። ያኔ እንኳን በግላጭ ሳቁ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እንስራዬን ግማሽ እንኳን ሳልሞላ ነው ሹልክ ብዬ የተመለስኩት።

እቤት ስደርስ ኬና በሩ ላይ ቆሟል። ወገቡ ላይ መሮ ስለሌለ ልብሱ ቀለል ብሎ ተንጠልጥሏል፤ እሱን ሳይ ደሜ ፈላ።

"እትዬ፣ ልግባ?" አለኝ።

"የት ነው የምትገባው? ደግሞ መግባት አማረህ? አባታችን የሞተው ዓይኑ ጠፍቶ እንኳን በጣቱ እየዳሰሰ ሲቀርጽ ነው! አንተ ሁለት ዓይን ይዘህ፣ የዳርና የመሀል መለየት አቅቶህ፣ የዋብት መጫወቻ አደረግከኝ! በምን ዓይኔ ነው ከእንግዲህ ወንዝ የምወርደው? ንገረኝ እንጂ!"

"እትዬ፣ እኔ የመጣሁት..."

"እትዬ አትበለኝ! እህት የለህም!"

አንገቱን ደፋ። እግሩ ስር ያለውን አፈር በጣቱ ይጭራል፣ ልክ ትንሽ ልጅ ሆኖ ሳለ ስቆጣው እንደሚያደርገው። ነብሬ ከውስጥ ወጣ። እጁ ላይ ዳቦና የደረቀ ዓሣ ይዟል፣ ለራሱ ምሳ ያቀረብኩለትን።

"እንካ" አለው ኬናን። "ለመሪት ውሰድላት።"

"ዳቦ ደግሞ ትሸልመዋለህ?" አልኩ። "ሹመትህን ሊያሳጣህ የነበረውን ሰው?"

"ዝም በይ!" ብሎ ጮኸብኝ።

ነብሬ ጮሆብኝ አያውቅም። ከተጋባን ጀምሮ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ በዚህ ተስማምተን ነው የኖርነው። ኬና ዳቦውን ተቀበለ፣ የባሌን ፊት ሳያይ እጅ ነስቶ ሄደ። የመጣበትን ነገር ሳይነግረኝ ነው የሄደው። ነብሬም ተመልሶ ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ፣ ምግብም አልቀመሰም።

ሹሙ ዓምዱ በጄሶ እንዲሸፈን አዘዘ። የፈካውን አበባ ዙሪያውን በጄሶ እየሞሉ፣ እንቡጥ አስመስለው፣ ቀለም ሊቀቡት ነው። ለዚህ ሥራ የጄሶ ሰዎች አሉን። ነብሬ ግን "እኔ ራሴ እሠራዋለሁ" አለ አሉ፤ መሰላል አስተክሎ፣ ማዘዝ የለመደ እጁን ጄሶ ውስጥ ነክሮ ዋለ። ሰዉ ሁሉ አመሰገነው። "የሚስቱን ወንድም ነውር በእጁ ሸፈነ፣ እንዲህ ነው እንጂ አለቃ!" ተባለ። እኔም ኮራሁበት። አዎ፣ ኮራሁ፤ አሁን ሳስበው ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

እቤት ሲመጣ ነጭ በነጭ ሆኖ ነበር። ውኃ አምጥቼ አስቀመጥኩትና እግሩን፣ ክንዱን አጠብኩለት። ሽፋሽፍቱ ላይ ጄሶው ደርቆ ስለነበር ጨርቅ አርሼ "ዓይንህን ጨፍን" አልኩት። ጨፈነ። ሽፋሽፍቱን ስጠርግለት እጄ ቆመ።

አንድ ጊዜ እንዲሁ ጠርጌለታለሁ። የሐቶር በዓል ማግስት። ሰፈሩ ሁሉ ራሱን ታሞ ተኝቶ ሳለ እሱ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ፣ የድንጋይ ብናኝ ሽፋሽፍቱ ላይ ይዞ፣ መዳፉ ውኃ ቋጥሮ ነበር የመጣው። አለቃ ድንጋይ አይነካም፣ እየዞረ በጣቱ ያሳያል እንጂ። ያኔ ቀልጄበት ነበር፤ "ምነው፣ አለቅነቱን ተውከው እንዴ?" ብዬው። "አንድ ሰው ታሞ ተክቼው ነው" ነበር ያለኝ።

"ነብሬ" አልኩ። "ያን ቀን የታመመው ሰው ማነው?"

ዓይኑን አልገለጠም።

"የቱ ቀን?" አለ።

"የቱ ቀን እንደሆነ ታውቃለህ።"

ውኃው ከጨርቁ ወደ አገጩ ይንጠባጠባል። "ኬና ተኝቶ ነበር" አለ። "ሰሌን ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ መሮውን እንደያዘ ተኝቶ ነበር። ሹሙ ያን ቀን ሊመጣ ይችላል ተብሏል። ቢያገኘው ኖሮ ወዲያው ነበር መሮውን የሚቀማው። አሳዘነኝ። ትንሽ ልጅ ሆኖ እንዲያ እየተኛ አልነበር የምንሸከመው? መሮውን ከእጁ አውጥቼ ሠራሁለት።"

"አበባ አድርገህ።"

"በበዓሉ ሰሞን መወጣጫውን አዛውረውት ነበር፤ እኔ አላወቅኩም። ድሮ በመወጣጫው ወጥተሽ ቀጥ ብለሽ ከሄድሽ መሀሉ ላይ ነው የምትደርሺው፣ የፀሐይዋ መንገድ ላይ። ወደ ጥጉ ገፍተውታል። ላይ ሆነሽ ስታዪው እኮ ሁሉም አንድ ነው፣ አፈርና ድንጋይ። ኬና መሀልም ዓምድ አለው፤ እሱ ጋ ያለሁ መስሎኝ አፈካሁት፤ ጠቀለልኩት፣ ሄድኩ።" ዓይኑን ገለጠ፣ ቀልቷል። "አፈሩ ወገብ ጋ ሲደርስ፣ የበሩ ጉበን ብቅ ሲል ነው የት እንደነበርኩ የገባኝ።"

"ያኔ ለምን አልተናገርክም? ያኔ እኮ ማንም አላየውም!"

"ምን ብዬ? የጓዱ አለቃ፣ ሰው መሀልና ዳር ሲሳሳት የሚቆጣው ነብሬ፣ መሀልና ዳር ጠፋበት ልበል? በትሩን ሊሰጡኝ እየተነጋገሩ ሳለ? ነገ እናገራለሁ ስል፣ ነገ ስል፣ ሰሌኑ ወረደ። ከዚያ ኬና 'የኔ ነው' አለ። ሁሉም ሰማ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይባላል?"

"ወንድሜን እኮ ነው የምትልከው፣ ነብሬ።"

"እናገራለሁ" አለ። "እናገራለሁ አልኩሽ።"

"መቼ?"

"ነገ" አለ።

የቀረውን ውኃ ደጅ ደፋሁት። እጄ ላይ ያለው ጄሶ ግን ቶሎ አልለቅ አለኝ፤ እየፋቅኩ እያለቀስኩ፣ የባሌን ሳይሆን የራሴን ድምፅ ነበር የምሰማው፤ "እህት የለህም" ያልኩትን።

ነገ መጣ፣ ነገም ሄደ። ነብሬ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ሲገባ እኔን አያየኝም፤ እኔም አልጠይቀውም፣ ፊቱ ላይ አየዋለሁ። ጀልባው ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው መታገስ አቃተኝና ኬና ቤት ሄድኩ። የመኝታ ሰሌኑን እየጠቀለለ ነው። መሪት ሽንኩርትና ዳቦ በጨርቅ ትቋጥርለታለች፤ እኔን ስታይ ቋጠሮውን ጣል አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እውነቷን ነው፣ እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የማደርገው።

"ኬና" አልኩት፣ ቁጭ ሳልል። "የሰራኸው አንተ አይደለህም። ተኝተህ ነበር። ነብሬ ነው የቀረጸው። አሁኑኑ ሹሙ ዘንድ እንሄዳለን፣ ተነስ!"

መጠቅለሉን አልተወም። "ድምፅሽን ቀንሺ፣ እትዬ። መሪት አታውቅም" አለኝ።

"ምኑን?"

"እሱን ነዋ።"

ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። "ታውቅ ነበር?"

"ነቅቼ ነበር እኮ" አለ፣ ከሰሌኑ ጋር የሚያወራ ይመስል። "ጥቂት እንደሠራ የመሮው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ዓይኔን ስከፍት ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ይሠራል። አበባ እንደሆነ አየሁ። የት እንዳለንም አውቃለሁ፣ እኔ እኮ በአዲሱ መወጣጫ ነው የወጣሁት። ልነግረው ነበር፣ እትዬ። ግን ምን ብዬ ልንገረው? ሰክሬ ተኝቼ፣ አሳዳጊዬ በኔ ፈንታ ድንጋይ እየቀጠቀጠ፣ ብድግ ብዬ 'ጋሼ፣ ተሳስተሃል' ልበለው? አፈርኩ። ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።"

"አይ ኬና! አይ የኔ ሞኝ!"

"ባልጨፍን ኖሮ ገና ብዙ ሳይከፍተው እንቡጥ ይወጣው ነበር። ስለዚህ የኔም ነው። አልዋሸሁም።"

"ወንዝ ዳር ሲስቁብኝ፣ በር ላይ ስሰድብህ፣ አንዲት ቃል አልተናገርክም።"

"ያን ቀን የመጣሁት መሪትን አደራ ልልሽ ነበር" አለኝ። "ስትወልድ አጠገቧ እንድትሆኚ። ብቻዋን ትፈራለች።"

ከዚያ ወዲያ ያለቀስኩትን አልናገርም። ጉልበቱን ይዤ ልለምነው ስል እሱ ቀድሞ እጄን ያዘኝ። "በአባታችን መቃብር ማይልኝ" አለኝ። "ጋሼ ራሱ ካልተናገረ አንቺ እንዳትናገሪበት። ሚስቱ ሰው ፊት ካዋረደችው በምን አንገቱ ይቆማል? አፍሽን ዝጊልኝ።"

ማልኩለት። ምን ላድርግ፣ በአባቴ መቃብር ማልኩ።

የሹመቱ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ደጀ ሰላሙ ግቢ ተሰበሰበ። ከበሩ ፊት ከወንዙ የመጣ ቦይ አለ፤ የድንጋይ ጀልባው እዚያው ቆሟል፣ የሚሄዱት ሰዎች ቋጠሯቸውን ይዘው ዳሩ ላይ ተቀምጠዋል። ኬና ከእነሱ መሀል ነው። መሪት ከጎኑ ቆማለች። በተከፈተው በር በኩል አዳራሹ ይታያል፤ ጥጉ ላይ ያለው ዓምድ እንደ ጓደኞቹ እንቡጥ ሆኗል፣ ቀለሙ እንኳን ገና አልደረቀም።

ሹሙ በትሩን ይዞ ወጣ። "ይህ ሰው" አለ፣ የባሌን ትከሻ ይዞ፣ "የሌላውን ሰው ጥፋት እኔ ምን አገባኝ ሳይል፣ በገዛ እጁ ሸፍኖ፣ የአምላክን ቤት ከነውር አዳነ። የበላይ አለቃችሁ እሱ ነው።" በትሩን ሰጠው። ነብሬ ተቀበለና ከፍ አደረገው።

እንግዲህ ልማዳችን ይሄ ነው፦ በትር ከፍ ሲል መጀመሪያ እልል የምትለው ሚስቲቱ ነች። ሌላ ሴት አትቀድማትም። እሷ ስትጀምር ሴቶቹ ይቀበሏታል፣ ከዚያ ከበሮው ይመታል፣ ከዚያ ሹመቱ ሹመት ይሆናል። እኔ እልልታዬ የታወቀ ነው፤ ከማዶ ማዶ የሚሰማ ድምፅ አለኝ።

አፌን አልከፈትኩም።

ሹሙ ጠበቀ። ከበሮ መቺው እጁን አንስቶ ጠበቀ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደኔ ዞሩ። ዋብት በክርኗ ጎሰም አደረገችኝና "ምን ነካሽ ሁኔሮ? እልል በይ እንጂ፣ ባልሽን አዋረድሽው እኮ!" አለችኝ በሹክሹክታ። እሷም እንኳን ደነገጠች። ጉንጬ ይነዳል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ነብሬን ብቻ ነው የማየው። እሱም አየኝ፤ ጄሶውን ካጠብኩለት ቀን ወዲህ ገና አሁን ዓይን ለዓይን ተያየን። ክንዱ በትሩን ይዞ ከፍ እንዳለ ቀረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ጌታዬ" አለ። "ይሄን በትር መልሰው ይውሰዱት። ጄሶው ስር ያለው አበባ የኔ ነው።"

"ምን?" አለ ሹሙ።

"የቀረጽኩት እኔ ነኝ። እሱ ተኝቶ ነበር፣ መሮውን ከእጁ ወስጄ የሠራሁት እኔ ነኝ። የሸፈንኩት የሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፣ የራሴን ነው።"

ሹሙ ፊቱ ጠቆረ፤ አሁን ያን ሁሉ ምስጋና ያፈሰሰው እሱ ነዋ። "እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?" አለው።

"አፍሬ" አለ ነብሬ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሹሙ በትሩን ነጠቀው። ወደ ጀልባው እያየ "ጀልባው ሰው ጎድሎት አይሄድም" አለ። ሌላ ፍርድ አላስፈለገም፣ ሁሉም ገባው። ነብሬ ሰዉን እየከፈለ ወደ ቦዩ ሄደ። ከግራው ጓድም አንድ ሰው አልቀለደም።

ኬና ተነስቶ ቆሞ ነበር። እንደ ሁለት ሌቦች ነው ፊት ለፊት የቆሙት፣ ሁለቱም ዓይናቸውን መሬት ጥለው። ኬና ጎንበስ ብሎ የባሌን ጉልበት ሊስም ሲል ነብሬ በብብቱ አነሳው።

"ተነስ። ተው፣ አሁንስ አታሳፍረኝ" አለው።

"ጋሼ፣ እኔም እኮ አይቼ ነበር..."

"አውቃለሁ። ስትተኛ አፍህን ትከፍታለህ፤ ያን ቀን መጨረሻ ላይ ዘግተኸው ነበር።"

ኬና እያለቀሰ ሳቀ። ሰሌኑን ከትከሻው አውርዶ ሰጠው፣ መሪት የቋጠረችውን ሽንኩርትና ዳቦም ጨመረለት። እኔ አንድ ነገር እንኳን ይዤለት አልመጣሁም፤ በትር ይቀበላል ብዬ ነዋ የመጣሁት። ቀርቤ ቆምኩ። "ሽፋሽፍትህን እጠብ እዚያ" አልኩት። "ብናኙ ዓይን ያጠፋል።"

"እሺ" አለኝ።

ገመዱ ተፈታ። ጀልባው ከዳሩ ሲለቅ ነብሬ ጀርባውን ሰጥቶን፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከድንጋይ ፈላጮቹ መሀል ተቀመጠ። የሚሰማው የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ነው። ያኔ አፌን ከፈትኩ። እልል አልኩ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ ያን ጠዋት ያስቀረሁትንም ጨምሬ፣ እልልልል አልኩ።

ነብሬ አልዞረም። አንገቱን ግን ቀና አደረገ።

ዋብት ክንዴን ያዘችኝ። "ሁኔሮ፣ አብደሻል እንዴ? ባልሽ ወደ ደቡብ መሄዱ እኮ ነው! ተዋርዶ መሄዱ ነው!"

"አውቃለሁ" አልኳትና ቀጠልኩ።